አውጪ ያለ ተቀባይ አይቆምም
በነሺዳና በመንዙማ ጀመዓዎች ውስጥ ስለሚኖር መመሰጋገንና ዕውቀት መቀባበል



ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ደሴ ከተማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ መድረሳ በር ብታልፉ የልጆች ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውጪው ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ተቀባዮቹ አዝማቹን ያነሣሉ። ዘግይተው ቢነሡ አውጪው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቀድመው ቢነሡ የስንኙን መጨረሻ ይውጡበታል። ስለዚህ አውጪው የተቀባዮቹን ፊት፣ ተቀባዮቹም የአውጪውን ከንፈር እያዩ ይሄዳሉ። እኔ እነዚህን ልጆች ከሚያስተምሩት አንዱ ነኝ። በቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከዐስር በኋላ ደግሞ ልጅ ሆኜ ቁርኣን በቀራሁበት ዓይነት መድረሳ ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ።

ዛሬ በየከተማው የነሺዳ ጀመዓ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ወጣቶች ግጥም ይጽፋሉ፤ ዜማ ያወጣሉ፤ በኒካሕ፣ በመድረሳ ምረቃ፣ በረመዳን ዝግጅቶች ላይ ያቀርባሉ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ጀመዓዎች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሲበተኑ አይቻለሁ። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ወይም የድምፅ ማነስ አልነበረም። አንዱ የሌላውን ሥራ ማመስገን ሲያቅተው፣ ያወቀውን ደግሞ ለጓደኛው መስጠት ሲከብደው የተበተኑት ይበልጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። የምናገረውም ከሩቅ ሆኜ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ራሴ የሠራሁት ስሕተት አለና እርሱንም አልደብቅም።

ግጥም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን

አንዳንድ ወላጆች «ግጥምና ዲን ምን አገናኛቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁርኣን በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ መጨረሻ ላይ ያለ ዓላማ የሚባዝኑና የማይሠሩትን የሚናገሩ ገጣሚዎችን ይወቅሳል። ነገር ግን እዚያ ላይ አያበቃም፤ ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትንና አላህን አብዝተው የሚያወሱትን ከወቀሳው ይለያቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው ግጥም በመኖሩ ላይ ሳይሆን በግጥሙ ውስጥ ባለው ነገርና በገጣሚው ምግባር ላይ ነው።

በመዲና ሐሳን ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) የነቢዩ ገጣሚ ተብለው ይታወቁ ነበር። በመስጂዱ ውስጥ ቆመው የሚገጥሙበት ሚንበር ይደረግላቸው እንደነበር ተዘግቧል። ስለ እርሳቸው ከተላለፉት ዘገባዎች አንዱ ለርእሳችን በጣም ይጠቅማል። የቁረይሽ ገጣሚዎች ነቢዩን በግጥም ሲሰድቡ ሐሳን መልስ ለመስጠት ተነሡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አይቸኩሉ ዘንድ ነገሯቸው። የራሳቸው የዘር ሐረግ ከቁረይሽ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ አስቀድመው የቁረይሽን ነሰብ ከሁሉ አብልጠው ወደሚያውቁት ወደ አቡ በክር (ረ.ዐ) ሄደው እንዲማሩ አዘዟቸው። ሐሳንም ሄደው ተምረው ተመለሱ። ይህ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ነው።

እስቲ ይህን ነገር እናስተውለው። ሐሳን የግጥም ጌታ ናቸው፤ አቡ በክር ደግሞ የነሰብ ዐዋቂ። ገጣሚው «እኔ በጂብሪል የምታገዝ ገጣሚ ነኝ፤ ማንን እጠይቃለሁ?» አላሉም። ዐዋቂውም «ይህ የእኔ ዕውቀት ነው፤ በአንተ አንደበት ለምን ይወጣል?» አላሉም። የአንዱ ዕውቀት በሌላው ቋንቋ ተነገረ፤ የተጠቀመው ግን መላው ሙስሊም ሆነ።

ሌላው በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ በኸንደቅ ዘመቻ የሆነው ነው። ብርዱና ረኃቡ በበረታበት በዚያ ጊዜ ሶሓቦች ጉድጓድ እየቆፈሩ አፈር ይሸከሙ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አብረው ይሸከሙ ነበር፤ አቧራው ሰውነታቸውን ሸፍኖት ነበር። በቡኻሪ እንደተዘገበው ሲሸከሙ የዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓን (ረ.ዐ) ግጥም ይሉ ነበር፤ የመጨረሻውንም ቃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙት ነበር። በሌላም ዘገባ ሙሃጂሮችና አንሷሮች በግጥም ሲያወጡ ነቢዩ ይመልሱላቸው ነበር።

የፍጥረታት ሁሉ አለቃ የሆኑት ነቢይ የአንድ ባልደረባቸውን ግጥም ተቀባይ ሆነው ተቀበሉ። ዘጋቢው ሶሓባም ግጥሙ የማን እንደሆነ አልዘለለም። «ነቢዩ እንዲህ አሉ» ብሎ ቢያልፈው ማን ይጠይቀው ነበር? እርሱ ግን የዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ ግጥም መሆኑን ተናገረ፤ ይኸው ከ1400 ዓመታት በኋላ እኛም ባለቤቱን እናውቃለን። በአንድ የነሺዳ ጀመዓ ውስጥ ሊኖር የሚገባው አደብ በዚህ ዘገባ ውስጥ ተሟልቶ ይገኛል።

መንዙማ ወደ እኛ እንዴት ደረሰ?

መንዙማ የሚለው ቃል «ነዝም» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። ነዝም ዕንቁን በክር መደርደር ማለት ሲሆን፣ ግጥምም ቃላትን በሥርዓት መደርደር ስለሆነ በዚህ ስም ተጠራ። በወሎ መንዙማ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በኦሮምኛ ተገጥሟል። እንደ ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጌታና ሾንኬ ያሉ የዒልም ማዕከላት ደረሳዎች ከሩቅ አገር መጥተው የሚቀሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። ደረሳው ፊቅሁንና ነሕዉን ቀርቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ኪታቡን በከረጢቱ፣ መንዙማውን ደግሞ በአንደበቱ ይዞ ይሄድ ነበር።

ከመንዙማ ገጣሚዎች መካከል ሸህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር በሰፊው ይታወቃሉ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በታዘዘበት ዘመን የታገሉ ዓሊም ነበሩ። በአማርኛ የገጠሟቸው መንዙማዎች በዐረብኛ ፊደል ተጽፈው፣ ከሁሉም በላይ ግን ከአፍ ወደ አፍ ተላልፈው እኛ ዘመን ደርሰዋል። መጻፍ የማይችለው ገበሬ፣ ኪታብ ያልከፈተችው እናት ዲናቸውን ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። በሐረርም እንዲሁ የዚክሪ ግጥሞች በሐረሪ ቋንቋ በመውሊድና በሠርግ ላይ እየተባሉ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፈዋል። ኋላም ካሴት ሲመጣ የሸህ መሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ በየቤቱ ገባ፤ እኔም ልጅ ሆኜ መንዙማን መጀመሪያ የሰማሁት እናቴ ምድጃ አጠገብ ካስቀመጠቻት ቴፕ ነው።

ስለ መውሊድና ስለ ድቤ ዑለማዎቻችን የተለያየ አቋም እንዳላቸው አውቃለሁ። እርሱን መዳኘት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጀመዓ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። እኔ የማነሣው ግን ሁሉም ወገን የሚስማማበትን ነው፤ አባቶቻችን የተዉልን ጥሩ ቃል ካለ እንዳይጠፋ መጠበቅ አለብን።

እዚህ ላይ ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልናገር። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ዐጀሚ ይባላል። አማርኛ ሰባት የአናባቢ ድምፆች አሉት፤ ዐረብኛ ደግሞ ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ የሚባሉ ሦስት ምልክቶች አሉት። ጨ፣ ኘና ጰ የመሳሰሉት ድምፆችም በዐረብኛ የሉም፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹ የየራሳቸውን ዘዴ ይፈጥሩ ነበር። አንድ ጽሑፍ ላይ ዶማና ዋው ቢኖር ንባቡ ኡ ይሁን ኦ በወረቀቱ ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው ግጥሙን ከሸኹ አንደበት በሰማው ሰው ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የመንዙማ ወረቀት፣ የሚያነበው ሽማግሌ ሲሞት ግማሽ ዲዳ ይሆናል።

«ሙላ» እና «ሞላ»

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን ወደሚሰበሰበው ጀመዓ አንድ ሽማግሌ መምጣት ጀመሩ። በልጅነታቸው ከወረባቦ ለቂርኣት የወጡ ናቸው። ልጆቹ «ሸህዬ» እያሉ ይጠሯቸዋል። ዘጠኝ መንዙማዎች በቃላቸው ነበሩ፤ ከእነዚህ ጥቂቱ በአንድ ያረጀ ደብተር ላይ በዐጀሚ ተጽፏል። ከልጆቹ መሐል ቁጭ ብለው ያወጣሉ፤ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ እኔ ደግሞ ደብተሩን ይዤ እከታተላለሁ።

አንድ ሐሙስ ሸህዬ አንዱን መንዙማ ሲያወጡ ልብን የሚያነሣ ስንኝ ላይ «ሙላ» አሉ። እኔ ደብተሩን እያየሁ ስለነበር የገባኝ «ሞላ» የሚል ነው። በዐጀሚ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ከሃያ ልጆች ፊት ከአፋቸው ነጠቅሁና «ሸህዬ፣ ተሳስተዋል። ሞላ ነው የሚለው፤ ይኸው ተጽፏል» አልኩ። ከልጆቹ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ሸህዬ ዝቅ ብለው ምንጣፉን አዩና «እሺ ልጄ» አሉ። እኔ እንዳልኩት አድርገው ጨረሱ፤ ሻያቸውን ጠጡ፤ ዱዐ አድርገው ወጡ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። በሌላውም አልመጡም።

እኔ ቤቴ ገብቼ ያንን መንዙማ ወደ አማርኛ ፊደል መገልበጥ የጀመርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስገለብጠው ከላይም ከታችም ያሉት ስንኞች ሁሉ ልመናዎች መሆናቸውን አየሁ፤ «አጥራ»፣ «አብራ» እያለ ጌታውን ይለምናል። መሐል ላይ «ሙላ» ሲል ልቡን በኢማን እንዲሞላለት መለመኑ ነው። «ሞላ» ካልነው ግን «ልቤ ሞልቷል» ማለቱ ይሆናል። ለማኙን ሰው እኔ በአንዲት ፊደል ትምክሕተኛ አደረግሁት። ሸህዬ ትክክል ነበሩ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር። የአማርኛ መምህርነቴ ነበር እንደዚያ ያናገረኝ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ወዲያው ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልሄድኩም። «በሚቀጥለው ጁሙዐ አገኛቸዋለሁ» እያልኩ ስምንት ወር አለፈ። በመሐሉ ሸህዬ ታመው እንደነበር እንኳ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻ አንድ ኪሎ ተምርና ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥፋቴን ተናገርኩ። እንዲህ አሉኝ፤ «አብሽር ልጄ። እኔም ደረሳ ሳለሁ ሸኼን በጀመዓ ፊት አርሜያቸው ነበር፤ ያውም በስሕተት። እሳቸው ግን በማግስቱ አስጠርተውኝ ‹የትናንቱን ድገምልኝ፣ ማን እንደተሳሳተ አብረን እንይ› አሉኝ። እኔ ከሳቸው ይህን አልተማርኩም፤ ኩርፊያ ይዞኝ ቀረሁ። አንተ አፍህ ቸኮለ፣ እኔ እግሬ ቀረ። ሁለታችንንም አላህ ይማረን።»

ቀጥለው ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ስናወጣ በጣትህ የምትቆጥረው ምንድነው?» አሉ። የስንኝ ቀለም እንደምቆጥር፣ በትምህርት ቤት የወል ቤት የሚባለው የአማርኛ ግጥም ስድስትና ስድስት ሆኖ 12 ቀለም እንዳለው ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። «እኛ በዜማው ነበር የምናውቀው፤ ሲጎድል ጆሯችንን ይቆረቁረን ነበር እንጂ አንቆጥርም» አሉ። እዚያው አብረን መቁጠር ጀመርን። በአንዱ መንዙማ ውስጥ አንድ ስንኝ 10 ቀለም ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሸህዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «ረቢ! ረቢ የምትል ነበረች እዚህ ላይ!» አሉ። ለስንት ዓመት ከአፋቸው ወድቃ የነበረችው ሁለት ቀለም ያላት ቃል ተመለሰች። እኔ ከእሳቸው ንባቡን ተማርኩ፤ እሳቸው ከእኔ ቆጠራውን ወሰዱ፤ መንዙማው ሞላ።

ነገር ግን ሁሉም አልተመለሰም። ከዘጠኙ መንዙማዎች ሰባቱን ሙሉ አድርገን ጻፍን። ሁለቱ መሐላቸው ጠፋ። ሸህዬ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይላሉ፤ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። በደብተሩም የሉም። አንድ ቀን «ባለፈው ክረምት እኮ ነበረችኝ» አሉ። ባለፈው ክረምት እኔ አፍሬ ከቤታቸው የራቅሁበት ጊዜ ነበር። አንድ ቃል በአደባባይ መንጠቅና ይቅርታን ማዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያን ቀን ገባኝ። ለእኔ ጥፋት የከፈለው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እነዚያን ሁለት መንዙማዎች ሳይሰሙ የሚያድጉ ልጆችም ናቸው።

የሌላውን ሥራ የራስ ማድረግ

ሌላው ጀመዓዎቻችንን የሚበትነው ነገር የግጥምና የዜማ ባለቤትነት ነው። አንድ ልጅ ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈውን ግጥም ድምፀ መልካም የሆነው ጓደኛው በሠርግ ላይ ያቀርበዋል። ሰው ያመሰግነዋል፤ ስጦታም ይሰጠዋል። የጸሐፊው ስም አይነሣም። ልጁ ምንም ሳይናገር ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩን ቤቱ ትቶ ይመጣል፤ በወሩ አይመጣም። ከዚያ በኋላ ጀመዓው «ግጥም የሚጽፍልን ጠፋ» ይላል። ጸሐፊው አልጠፋም፤ ተገፍቶ ነው የሄደው።

በሌላ በኩል ደግሞ ያወቀውን የሚደብቅ አለ። ዜማውን ያስተምርና የመጨረሻዋን ስንኝ ለራሱ ያስቀራል፤ እርሱ ካልመጣ ጀመዓው እንዳያቀርብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ተፈላጊ የሆነ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እርሱ ሲታመም ወይም ሲሰደድ ሥራው አብሮት መጥፋቱ ነው።

በዒልም ታሪካችን ያለው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሒጅራ የዐረብኛን ግጥም ሚዛን መርምረው 15 ባሕሮችን ለዩ፤ ዐሩድ የሚባለውን ዕውቀትም መሠረቱ። ሲበወይህ ከእርሳቸው ተማሩ፤ አል-አኽፈሽ ደግሞ ከሲበወይህ ተማሩ። 16ኛውን ባሕር የጨመሩት እኒሁ አል-አኽፈሽ ናቸው ይባላል። ተከታዩ ስለ ጨመረ የመጀመሪያው ክብር አልቀነሰም፤ ዛሬም ዐሩድ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የአል-ኸሊል ስም ነው።

ተኽሚስ የሚባለውንም የግጥም ዓይነት እንመልከት። አንድ ገጣሚ የቀደመውን ሰው ግጥም ይወስድና በእያንዳንዱ ቤት ፊት የራሱን ሦስት ሐረጎች ይጨምራል። የቀድሞው ቤት ሁለት ሐረጎች ስላሉት አምስት ይሆናል፤ ስሙም የመጣው ኸምሳ ከሚለው፣ አምስት ማለት ከሆነው ቃል ነው። የአዲሱ ሦስት ሐረጎች ቤት የሚመቱት በቀድሞው የመጀመሪያ ሐረግ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሒጅራ የኢማም አል-ቡሲሪ ቡርዳ ከተገጠመ ወዲህ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ተኽሚስ ተሠርቶለታል። አዲሱ ገጣሚ የቡሲሪን ቃል አይሰርቅም፤ አይለውጥምም። እርሱ እንደ አስተናጋጅ በሩን ይከፍታል፤ እንግዳው ይገባል። ሁለቱም በአንድ ቤት ይታያሉ። ልጆቻችን ይህን ቢለምዱ የሰው ግጥም መውደድና የራስን ችሎታ ማሳየት እንደማይጋጩ ይረዳሉ።

ምን እናድርግ?

በእኛ ጀመዓ ከሸህዬ ጋር ከሆነው በኋላ የተስማማንባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ለሌሎችም ይጠቅሙ ይሆናል።

1ኛ. የጀመዓው ደብተር ይኑር። እያንዳንዱ ግጥም ሲገባ ማን እንደጻፈው፣ ዜማውን ማን እንዳወጣው፣ ከማን እንደተሰማና ቀኑ ይጻፍ። ሐዲስ ያለ ሰነድ እንደማይወሰድ ሁሉ፣ ልጆችም የግጥምን ሰነድ መጠየቅ ይልመዱ። በመድረክም ላይ ከመጀመራቸው በፊት የጸሐፊው ስም ይነገር፤ ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

2ኛ. መጀመሪያ መልካሙ ይነገር። አንድ ልጅ ግጥሙን ሲያነብ አድማጮቹ አስቀድመው የወደዱትን አንድ ስንኝ ለይተው፣ ለምን እንደወደዱት ይናገራሉ። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እንዲህ ያለው ምስጋና ምንም አያስተምርም። እርማቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እርማቱ የሰውን ፊት የሚያቀላ ከሆነ ለብቻ ይነገር። ለሽማግሌ ደግሞ እርማት ሁልጊዜ በጥያቄ መልክ ይቅረብ፤ «ሸህዬ፣ ይህችን እንዴት ነው የምናነባት?» ማለት ይበቃል። እኔ ይህን ብል ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

3ኛ. ቃሉ ከዜማው በፊት ይመርመር። ግጥሙ ዐቂዳን የሚነካ ስሕተት እንዳይኖርበት፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ያልተባለ እንዳይባል ለኡስታዝ ወይም ለዓሊም ይታይ። ዜማው ከተወደደ በኋላ ቃሉን ማረም ይከብዳል፤ ሰው በዜማው የያዘውን አይለቅምና።

4ኛ. አውጪነቱ በየተራ ይሁን። ድምፁ ያማረው ሁልጊዜ ያውጣ ከተባለ ሌሎቹ መማር ያቆማሉ። በየወሩ አንድ ቀን ተቀባዮቹ ያውጡ፤ አውጪው ይቀበል። አውጪው ተቀባይ ሲሆን የተቀባይን ድካም ያውቃል።

5ኛ. የሽማግሌዎቻችን ድምፅ ይቀረጽ። ዛሬ በየልጁ ኪስ ስልክ አለ። ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንቅረጽ፤ በዐጀሚም በአማርኛ ፊደልም እንጻፈው። «ለማን ይሰጣል? የት ይቀመጣል?» የሚለውን ከእሳቸው ጋር እንነጋገር። ሳይፈቅዱ በቴሌግራም መበተን ግን አማናን ማፍረስ ነው።

6ኛ. ከሠርግ የሚገኝ ስጦታ በግልጽ ይከፈል። ጸሐፊውም፣ ዜማ ያወጣውም፣ የተቀበለውም ድርሻቸውን ይወቁ። ብዙ ወንድማማችነት የፈረሰው ባልተቆጠረ ትንሽ ገንዘብ ነው።

ለእናቶችና ለአባቶች

ነሺዳ የወንዶች ልጆች ብቻ ጉዳይ አይደለም። በወሎ ብዙ መንዙማ የኖረው በእናቶቻችን አንደበት ነው፤ እህል ሲፈጩ፣ ልጅ ሲያስተኙ ያሉት ነው። በእኛ ሰፈርም ልጃገረዶቹ በየራሳቸው ጊዜ ከአንዲት ኡስታዛ ጋር ይሰበሰባሉ። ከአያቶቻቸው የሰሙትን እንዲጽፉ ሲጠየቁ ወንዶቹ ጨርሶ የማያውቋቸውን ግጥሞች ይዘው መጡ። አንዷ ያመጣችው ከሸህዬ ሰባቱ አንዱን ነበር፤ በእሷ አያት አንደበት ግን ሁለት ተጨማሪ ስንኞች አሉት። ሸህዬ ሲነገራቸው «እኔ ጋ ጎድላ እዚያ ኖራለች!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ለጠፉት ለሁለቱ መንዙማዎችም ተስፋ አልቆረጥንም፤ በሌላ ቤት፣ በሌላ አያት አፍ ውስጥ ይኖሩ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እናቶችና አባቶችም እስቲ የራሳችሁን ወላጆች ጠይቁ።

ልጃችሁ ከነሺዳ ጥናት ሲመለስ «ዛሬ አንተ ነህ ያወጣኸው?» ብላችሁ አትጠይቁት። ይህ ጥያቄ ልቡን ወደ መታየት ይወስደዋል። ይልቅ «ዛሬ ከማን ምን ተማርክ? ለማንስ ምን አስተማርክ?» በሉት። መጀመሪያ መልስ ያጣ ይሆናል፤ ሲደጋገም ግን ሐሙስ ወደ መድረሳ ሲሄድ መልሱን እያሰበ ይሄዳል። ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን እንዳላመሰገነ የሚያስተምረንን ሐዲስ አንድ ልጅ የሚለምደው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

ሸህዬ አሁን አርጅተዋል፤ እግራቸው ወደ መድረሳው አያደርሳቸውም። ስለዚህ ልጆቹ በየተራ ሦስት ሦስት እየሆኑ ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው ይሄዳሉ። ልጆቹ ያወጣሉ፤ ሸህዬ ጋቢያቸውን ደርበው ይቀበላሉ። «ሙላ» የምትለዋ ስንኝ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔም እንደ ተማሪ ጎንበስ ብዬ እቀበላለሁ።

አላህ የምናውቀውን የምንሰጥ፣ የማናውቀውን የምንጠይቅ፣ የተሰጠንን የምናመሰግን ያድርገን። የአባቶቻችንን መልካም ሥራ ይቀበል፤ የእኛንም ስሕተት ይማረን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።